ለልጃገረዶቻችን አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓት፣ አንዲት ታላቅ እህት

ነገሩ የጀመረው በአንድ የኮምፒውተር ጥያቄ ነው።

በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ ባለ አንድ የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ማዕከል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ለስምንት ሳምንት ልጃገረዶችን ፓይተን አስተምር ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ለወገን ላበረክት የምችለው እሱን ስለሆነ እሱን ይዤ ሄድኩ። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ ትንሿ 12፣ ትልቋ 17 ዓመቷ። በአምስተኛው ሳምንት ክፍሉ ሲበተን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ላፕቶፗን ቀስ ብላ እየዘጋች ወደኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ አንድ ሰው ፓስወርድሽን ካወቀ ሜሴጅሽን ማንበቡ ይታወቅብሻል?» አለችኝ።

እኔም እንደ ባለሙያ መለስኩላት። ፓስወርድሽን ቀይሪ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ጨምሪበት፤ በየትኞቹ ስልኮች እንደተከፈተ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ እዪ፤ ሎኬሽንሽን ማን እንደሚያይ አረጋግጪ። ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ከቀባጠርኩ በኋላ ነው «ማን ነው የሚያነብብሽ?» ማለት ትዝ ያለኝ። ዝም አለች። በመስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ተመለከተች። እናቷ መኪና ውስጥ ሆነው እየጠበቋት ነበር።

«ቦይፍሬንዴ ነው። ካልሰጠሽኝ የምትደብቂው ነገር አለ፣ አትወጂኝም ማለት ነው ስላለኝ ሰጠሁት። ለማሚ እንዳትነግሪብኝ፤ በእግዚአብሔር!»

«አልነግርም» አልኳት።

በቀረችን አምስት ደቂቃ የቻልኩትን ያህል ጠየቅኳት። ጠዋት ጠዋት የለበሰችውን ፎቶ አንስታ ትልክለታለች። ሁለት የሴት ጓደኞቿን ስለማይወዳቸው ቁጥራቸውን አጥፍታለች። ሎኬሽኗን ከዘጋች ይሰድባታል። መትቷት እንደሚያውቅ ስጠይቃት «ኧረ በጭራሽ!» አለች፤ ከዚያ ደግሞ «እሱኮ ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው» ብላ ጨመረች። ውጪ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትምህርቱ አለቀ። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሰርተፊኬት ታደለ፣ ፎቶ ተነሣን። የሰርግ ወቅት ስለደረሰ አዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ተከራየ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ልጅቷን አንድም ቀን ደውዬ አልጠየቅኳትም።

ከወራት በኋላ አንድ ክርስትና ላይ እናቷ አገኙኝ። ሳህን ይዤ እንደቆምኩ ክንዴን ያዝ አደረጉና «እህቴ፣ ልጄን ምን ነካብኝ? ከጓደኞቿ ተለየች። ትምህርቷ ወረደ። ማታ ማታ ስልኳን ይዛ ታለቅሳለች። ያንቺን ክፍል ትወደው ነበር፤ ምናልባት የምታውቂው ነገር ይኖር ይሆን?» አሉኝ።

አውቃለሁ። ግን ቃል ገብቻለሁ። እዚያ ድግስ መሀል ቆሜ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ስላፈርኩ ነው። እኔ ብቻ ሳልሆን በየአገሩ ያለነው ኮሚዩኒቲዎች አንድ ዓይነት ስህተት እየደጋገምን ስለመሰለኝም ነው። ለሴት ልጆቻችን ኮርስ፣ ኮንፈረንስና ሽልማት እናዘጋጃለን። በየሳምንቱ የሚመለሱበት ቦታና የሚጠብቃቸው ሰው ግን አናዘጋጅላቸውም።

ሻንጣችን ውስጥ የመጣው

ብዙዎቻችን «ልጆቻችን እዚህ ተወልደው አድገው፣ እንግሊዝኛቸው የተባ፣ ትምህርት ቤታቸው ጥሩ፤ የበራስ መተማመን ችግር የገጠሯ ልጅ ችግር ነው» እንላለን። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ግን ከአገር ስንወጣ ሻንጣችን ውስጥ የያዝነው በርበሬና ሽሮ ብቻ አይደለም። ሰለ ወንድና ሴት የለመድነውንም ሁሉ ይዘን ነው የመጣነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሴቶችንም ወንዶችንም አንድ ጥያቄ ጠይቋል። ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ወይ የሚል። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ አብራው መተኛት እምቢ ብትል ተብሎ አምስት ምክንያት ተዘረዘረ። ቢያንስ በአንዱ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹስ? 28 በመቶ። መጀመሪያ ሳየው ቁጥሩ የተገላበጠ መስሎኝ ነበር። አልተገላበጠም። በ2005ቱ ዳሰሳ የሴቶቹ ቁጥር 81 በመቶ ስለነበር እንኳን ወርዶ ነው።

ይሄ ቁጥር «ሴቶቻችን ራሳቸውን አይወዱም» የሚል ፍርድ አይደለም። አንድ ሰው የሚችለውን የሚለካው አጠገቡ ባየው ነው። እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ የቻሉትን አይታ ያደገች ልጅ «ይሄ ልክ አይደለም» የምትልበት መለኪያ ከየት ታመጣለች? አሜሪካ የተወለደችው የ16 ዓመት ልጅ ምግብ ብታሳርር እመታለሁ ብላ አታስብ ይሆናል። ፓስወርድ መስጠት የፍቅር ምልክት ነው፣ ቅናት የመውደድ ማስረጃ ነው ብላ ግን ታስባለች። የቤቱ ዕቃ ተቀየረ እንጂ ቤቱ ያው ነው።

ከሞሰቦ የምንማረው

ከዚያ ድግስ በኋላ፣ እንደ ልማዴ፣ «ይሄን ችግር ከእኔ በፊት የፈታው ማነው?» ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። በፕሮግራሚንግ አንድ ነገር ከመጻፍህ በፊት የተጻፈ መኖሩን ማየት ግዴታ ነው። መልሱን ካሊፎርኒያ ወይም ለንደን አገኘዋለሁ ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት ግን አማራ ክልል ውስጥ ሞሰቦ የምትባል የገጠር መንደር ነው።

«ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ሞሰቦ ውስጥ በሙከራ ደረጃ ተካሄደ። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ከመንግሥት አካላት ጋር የሠራው ነው። ዓላማው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዳሩ ማድረግ ነበር። ሕጉማ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ሕጉ ግን ሞሰቦ ድረስ በእግሩ አይሄድም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደረጉ። ልጃገረዶቹን በቡድን በቡድን አደራጅተው ከአካባቢው የተመረጠች አዋቂ ሴት መሪ ሰጧቸው። ትምህርት ቤት ላሉት የትምህርት መሣሪያ አሟሉ፣ ላልገቡት መሠረተ ትምህርት ከፈቱ። ሦስተኛ ወላጆችና የአካባቢው ሰው ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት መድረክ አዘጋጁ። ልጁን ሳይድር ሁለቱን ዓመት የጨረሰ ቤተሰብ በመጨረሻ በግ ወይም ፍየል ተሰጠው።

ውጤቱን ያጠኑት ተመራማሪዎች ከሌላ ተመሳሳይ አካባቢ ጋር አነጻጽረውታል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። የማግባት ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። እዚህ ላይ ማቆምና ማጨብጨብ ይቻላል። ግን ጥናቱ ያልደበቀው ሌላ ነገር አለ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት በፕሮግራሙ አካባቢ የነበሩ ልጆች የማግባት ዕድላቸው ከንጽጽሩ አካባቢ እንዲያውም ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀድሞ መጀመር። 16 ዓመት ላይ የምንደርስላት ልጅ ብዙ ነገር አልፎባት ነው የምናገኛት፤ በአሥርና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር ከጎኗ መቀመጥ የነበረብን። ሁለተኛ፣ ፕሮግራም ተዓምር አይደለም። ለአንዱ ዕድሜ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብሎ ፎቶ ከመለጠፍ ውጤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ደስ የማይል መልስ ቢመጣም እንኳን።

በር የምታንኳኳዋ ሴት

ሁለተኛው ምሳሌ አዲስ አበባ ነው። «ብሩህ ተስፋ» እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር ያነጣጠረው ትምህርት ቤት ያልገቡ የከተማ ልጃገረዶች ላይ ነበር። ብዙዎቹ ከገጠር ብቻቸውን የመጡ፣ በሰው ቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩ ናቸው። እነዚህን ልጆች ማስታወቂያ ለጥፈህ አታገኛቸውም። ከቤት አይወጡምና። ስለዚህ የሠፈሩ ሴቶች እየሰለጠኑ ቤት ለቤት ዞሩ። በር አንኳኩተው «እዚህ ቤት ትምህርት የማትማር ልጅ አለች?» ብለው ጠየቁ። አሠሪዎችን አግባብተው ልጆቹ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እንዲለቀቁ አስፈቀዱ። መሰብሰቢያው ቀበሌ የሰጠው ክፍል ነበር። ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ጥቃት ቢደርስባቸው ማን ጋር እንደሚሄዱ ተማሩ። ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ከተሞችም ሰፍቶ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ልጆች ደርሷል።

ሲገመገም ከታዩት ለውጦች አንዱ እኔን ቆም አድርጎኛል። በፕሮግራሙ የነበሩት ልጆች ችግር ሲገጥማቸው የሚደርስላቸው ሰው አለን የማለታቸው ዕድል ካልነበሩት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። በቃ ይሄ ነው በራስ መተማመን ማለት። «አንቺ ጀግና ነሽ፣ ትችያለሽ» የሚል ንግግር ሰምቶ ተነሥቶ ማጨብጨብ አይደለም። ማታ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ጠዋት ለማን እነግራለሁ ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም መኖሩ ነው።

የእኔ ተማሪ ይሄ ነው ያጣችው። ልጁ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ካስጣላት በኋላ የቀረችው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ስምንት ሳምንቴን ጨርሼ ሄድኩ።

ይህን የሚያነብ በመካከለኛው ምሥራቅ ያለ ወገን ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሰው ቤት የምትሠራ እህት ስልኳ ሲወሰድ፣ ከቤት አትወጪም ስትባል፣ ከሁሉ በፊት የምታጣው ሰው ነው። ቤይሩት ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» በ2020ው የሊባኖስ ቀውስና ከወደቡ ፍንዳታ በኋላ ችግር ላይ ለወደቁ እህቶች ምግብና ሌላ እርዳታ ሲያደርስ አይተናል። ስሙ ራሱ ነገሩን ሁሉ ይናገራል። ከሌላ የሚጠብቁት ስላልነበራቸው እርስ በርስ ተያያዙ።

የሰው ገንዘብ፣ የሰው ፍላጎት

«የኛ»ን የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ የሬዲዮ ድራማና ሙዚቃ ነበር። አምስት ወጣት ሴቶች ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በልጃገረዶች ቋንቋ ያወሩበት። የእንግሊዝ መንግሥት በዕርዳታ ገንዘቡ ይደግፈው ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ካላገጡበት በኋላ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የዕርዳታ መሥሪያ ቤቱ ድጋፉን አቋረጠ። ፕሮግራሙ ጠንካራም ደካማም ጎን ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ይከራከሩበት። ውሳኔው ላይ ያልነበሩት ግን ሬዲዮኑን የሚያዳምጡት ልጆች ናቸው።

እኛ ዲያስፖራዎች ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ ነን። አዳራሽ አለን። ማኅበር፣ ዕድርና ዕቁብ አለን። ነርሷ፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ የሶሻል ወርክ ተማሪዋ፣ መምህርቷ መሀከላችን አለች። የማንንም ፓርላማ ደጅ መጥናት አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን በሳምንት አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓት፣ የማትቀር አንዲት ታላቅ እህት ነው። እሷም ዝነኛ መሆን የለባትም። የ24 ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ለ13 ዓመት ልጅ ከማንኛውም የክብር እንግዳ ይበልጥ ትጠቅማታለች።

አንዳንድ ወላጆች «ስለ ፍቅር ግንኙነት ማውራት ልጆቹን ቦይፍሬንድ ያዙ ማለት ነው» ይላሉ። ስጋታቸውን እረዳለሁ፤ ከክፋት የመጣ አይደለም። ግን ተማሪዬ ከማንም ጋር ሳታወራ ነው ቦይፍሬንድ የያዘችው። ዝምታችን አልከለከላትም፤ መጠየቂያ ቦታ ነው ያሳጣት። ደግሞ የምንነጋገረው ስለ ፍቅረኛ ብቻ አይደለም። ጓደኛ ሲያንጓጥጥ፣ አለቃ ከልኩ ሲያልፍ፣ ዘመድ የማይገባ ነገር ሲጠይቅ «እምቢ» ማለት አንድ ሙያ ነው። ልምምድ ይፈልጋል፤ እንደ ፓይተን።

«ወንዶቹስ?» የሚለው ጥያቄም ትክክል ነው። ያ ፓስወርድ የጠየቀው ልጅም የአንድ ሰው ልጅ ነው፤ ቅናት ፍቅር ነው ብሎ ያስተማረው አንድ ቦታ አለ። ለእነሱም ታላቅ ወንድም ያስፈልጋቸዋል። ግን የወንዶቹ እስኪዘጋጅ የሴቶቹ ይቆይ ማለት አይሆንም።

የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?

ከስህተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። «አልነግርም» ብዬ ቃል መግባት አልነበረብኝም። ማለት የነበረብኝ «ያልሽኝን ለማንም አላወራም፤ አንቺን የሚጎዳ ነገር ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምንነግር አንቺና እኔ አብረን እንወስናለን» ነው። ይሄ ደግሞ ችግሩ ከመጣ በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን፣ ሁሉም ባለበት የሚነገር ደንብ መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ጉዳት ሲጠረጥሩ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ ዝርዝሩ በየስቴቱ ስለሚለያይ ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ከልጅ ጋር የሚቀመጥ ሰው ማንነቱ ይጣራ፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር። «እኛ እንተዋወቃለን» አይበቃም።

ሁለተኛው ስህተቴ እናቶቹን መኪና ማቆሚያ ላይ መተዌ ነው። ስምንት ሳምንት ሙሉ ውጪ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ አንድ ቀን «ይግቡ፣ ቡና እንጠጣ» አላልኳቸውም። ሞሰቦ ላይ ወላጅ አብሮ ባይነጋገር ኖሮ ልጆቹ ብቻቸውን ምን ያደርጉ ነበር?

ከዚያ ክርስትና ማግሥት ለልጅቷ ደወልኩ። እናቷ እንደጠየቁኝ፣ ምንም እንዳልነገርኳቸው፣ ግን መንገር እንዳለብን አስረዳኋት። ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ እነሱ ቤት ቡና ተፈልቶ ሦስታችን ተቀመጥን። ልጅቷ ራሷ ተናገረች፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በለቅሶ። እናቷ ይጮሃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮሁም። ሲኒውን እያዞሩ ብዙ ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔኮ በ17 ዓመቴ ነው የተዳርኩት። እምቢ ማለት እንደሚቻል የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ያልተማርኩትን ለሷ ምን ብዬ ላስተምራት?»

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ቀና ብላ እናቷን ስታይ የነበረው አስተያየት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአዳራሹ ኩሽና ጎን ባለች ጠባብ ክፍል እንሰበሰባለን። ቅዳሜ አሁንም ሰርግ ነው። ሦስት ታላላቅ እህቶች በየተራ እንይዛለን፤ እናቶቹ በሚቀጥለው ክፍል ቡና ያፈላሉ። ልጅቷ ከልጁ ጋር ተለያይታለች። ቀላል አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ተመልሳ ነበር። አንዳንድ እሑድ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች። ስትቀር ግን የሚደውልላት ሰው አለ።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ገንዘብ አዋጣ አልልህም፣ አዋጪ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። በከተማችሁ ያለው የኮሚዩኒቲ ወይም የቤተ እምነት አዳራሽ በሳምንት ስንት ሰዓት ባዶውን እንደሚውል ጠይቁ። ከዚያም የትኛዋን ሰዓት ለልጃገረዶቹ መስጠት እንደሚቻል፣ ማን በር እንደምትከፍትላቸው ተነጋገሩ። የምትከፍተዋ ግን በሚቀጥለው ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም የምትገኝ ትሁን።

ቸር እንሰንብት።